ቬነስ የትኛዋ ናት?

ጥር 9

ቅዳሜ። ውሃ መጣ። በርሜሎቹን ሞላን፣ ልብስ አጠብኩ። አማቴ ኣቦይ ኣታኽልቲ እንደ ሁልጊዜው ወንበራቸው ላይ። ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሚስታቸው ኣደይ ለተመድህን በትግርኛ ያወሯቸዋል፤ እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ለባሌ ለፍሰሃጽዮን ከቴሌግራም የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ሳነብለት... "ከፀሐይ ሦስተኛዋ ፕላኔት ማናት?"

"መሬት።"

ከወንበሩ በኩል ነው። አባቱ! በአማርኛ!

ኣደይ እልል አሉ። ወዲያው በትግርኛ "ከመይ ኣለኻ?" ብለው እንዴት እንደሆኑ ጠየቋቸው። ምንም። አፋቸውን ከፈት አድርገው ዘጉት።

ጥር 13

ሐኪሙ ብዙም አልገረመውም። ስትሮክ አንዱን ቋንቋ ወስዶ ሌላውን ሊተው ይችላል አለ። ኣቦይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማሩት በአማርኛ ነው። ትግርኛውም ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል...

ለኣደይ እንዴት ይነገራል? የእሳቸው አማርኛ ከገበያ አያልፍም።

ጥር 18

አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እኔ፣ የደሴዋ። በባልና ሚስት መሃል።

ዛሬ ኣቦይ ወደ ሚስታቸው እያዩ "ትተኛ... ደክሟታል" አሉኝ። በተሰባበረው ትግርኛዬ ነገርኳቸው።

"ባሌን ወሰድሽብኝ፣ ጓለይ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ቶሎም አልተመለሱ።

ምን ማለት ነበረብኝ?

ጥር 24

ኣደይ "ጥያቄውን አስጠኚኝ፣ እኔ ልጠይቀው" አሉኝ። በአማርኛ!

"ትልቁ ፕላኔት ማነው?"

"ጁፒተር።"

"ቀዩስ?"

"ማርስ።"

ልክ ይሁን አይሁን አያውቁም፤ እኔን ያያሉ። ራሴን በአዎንታ ስነቀንቅ ያጨበጭባሉ። ፍሰሃጽዮን ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

የካቲት 2

ዛሬ የኣደይ ጥያቄ ረጅም ነበር፤ ምላሳቸው ላይ ተንከባለለባቸው። "ቀኗ... ከዓመቷ የሚረዝም ፕላኔት?"

"ቬነስ።"

"ስሟ ከማን መጣ?"

"ከሮማውያን... የፍቅር... አምላክ።"

ኣደይ ወደ እኔ ዞሩ። ቬነስ የትኛዋ ናት? አይቻት ዐውቃለሁ? አሉኝ። "አጥቢያ ኮከብ" አልኳቸው። አልገባቸውም። በትግርኛ ምን እንደምትባል አላውቅ... በጣቴ ጣሪያውን አሳየሁ። ሞኝነት።

ኣቦይ ተናደዱ። ተማሪው አልገባው ያለበት መምህር ንዴት። በደህናው እጃቸው ወንበሩን መቱት።

"ኮኾብ... ኮኾብ ወጋሕታ!"

"ኣ! ኮኾብ ወጋሕታ!" አሉ ኣደይ። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚያዩዋት። ምን እንደሰሙ የገባቸው ቆይቶ ነው። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"እስከ ድገሞ" አሏቸው። እስቲ ድገመው።

ደገሙት።

የካቲት 19

ከቢሮ ስመለስ ከግቢው በር ጀምሮ ጭቅጭቅ ይሰማል። እንግዳ የመጣ መስሎኝ... እነሱ ናቸው። ስለ ሰርጋቸው ቀን። ዘንቦ ነበር፣ አልዘነበም። ኣቦይ ቃል ይጠፋቸዋል። ኣደይ እስኪያገኙት ይጠብቃሉ፤ ሲያገኙት ይከራከሯቸዋል።

ስገባ ኣደይ ቀና አሉ። "ምሳሽ ማድ ቤት ነው፣ ጓለይ።" ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። ትግርኛው ፈጠነብኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ተርጉሚ ያለኝም የለም።

ቅር አለኝ? ትንሽ።

በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁላቸው።