ለአራተኛው ማለዳ የተሰጠው ዋንጫ

መካነ ሰላም
የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ ያንን የድሮ ሳልህን አልቀሰቀሰብህም? እኛ በአላህ ቸርነት አለን። እናትህም ደህና ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝቻቸው፣ ልጄ ዋንጫ ወሰደ እያሉ መንገደኛውን ሁሉ ያስቆሙ ነበር። መንገዱ እንደምታውቀው ነውና ይህን ደብዳቤ የያዘልህ ሰው ከወረኢሉ ወዲያ ምን እንደሚገጥመው አላውቅም፤ ብቻ በደህና ይድረስህ።

ሽልማቱን በቴሌቪዥን ያየሁት ንጉሡ ሻይ ቤት ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ዳይሬክተር ተብሎ ስምህ ሲጠራ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። መምህር ይሄነው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ፊልሙን ያዘጋጀኸው አንተ አልነበርክም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ሻዬን ፉት አልኩ። ድርሰቱን ስድስት ዓመት የጻፍኩት እኔ፣ ተዋንያኑን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድራማ ክበብና ከየመንደሩ ለቅሜ ያስጠናሁት እኔ፣ ጀምር አቁም ባዩም እኔ። አንተ ካሜራ ይዘህ መጣህ። ፖስተሩ ሲደርሰን ስሜን «ምስጋና» ከሚለው ሥር፣ በቅሎ ካዋሰን ሰውዬ ቀጥሎ አገኘሁት። በቅሎዋን አለመጥቀስህ ደግ ነው፤ እሷም ትቀድመኝ ነበር።

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽህም። ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር በወጉ አላወራሁም። ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን መድረኩ ላይ ቆመህ የተናገርከው ነው። በፊልሙ እናት ሆነው የሠሩት ሴትዮ ሦስት ማለዳ ሞክረው እንባ እንዳጡ፣ በአራተኛው ማለዳ ሲያለቅሱ ካሜራው እንዳይቆም ያዘዝከው አንተ እንደሆንክ ተናገርክ። ዳኞቹም የሸለሙህ ለዚያች ትዕይንት ብለው ነው አሉ። ወንድሜ፣ ይህ ውሸት ነው። የዚያን ማለዳ ነገር ማን እንዳደረገው ልንገርህ፤ ግማሹን አንተም አታውቀውም።

እትዬ ሩቂያን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ፈርሂያ ጅዳ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ከደወለች ደግሞ አራት ወር አልፏል። ልጇ ዐረብ አገር የሞተችባት እናት ሆነው እንዲሠሩልን ስለምናቸው፣ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ማሟረት ነው ብለው እንቢ አሉ። የውሸት ለቅሶ እውነተኛውን ያርቃል ብዬ አሳመንኳቸው። እንዲህ ሲባል የትም ሰምቼ አላውቅም፤ እዚያው ፈጠርኩት። ሸህ አህመዲንንና ሌሎቹን ሽማግሌዎች ያመጣሁትም በከተማችን ሰው ሲሞት በእውነት መርዶ የሚያረዱት እነሱ ስለሆኑ ነው። ሰዓቱም እንደ ደንቡ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነበር። ሁሉም ካሜራ ሲያዩ ስለሚሽኮረመሙ፣ ማይኩን በረንዳው ላይ አስረን እኛ ከጎረቤት ከይርዳው ግቢ ሆነን በአጥሩ ክፍተት እንቀርጽ ነበር። ሦስት ቀን ሀጀራ የምትባል የፊልም ልጅ መሞቷን አረዷቸው። እትዬ ሩቂያ ሦስቱንም ቀን በነጠላቸው ሥር ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ሸህ አህመዲን ቤቴ መጡ። ፈርሂያ መሞቷን፣ እዚያው ጅዳ መቀበሯን፣ ነገ ማለዳ እናቷን እንደሚያረዱ ነገሩኝና ካሜራችሁን አርቁ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከዚያ አንተ ወዳረፍክበት መጥቼ፣ ሽማግሌዎቹ ነገ አንድ ጊዜ ሊሞክሩልን ፈቅደዋል፣ የመጣው ቢመጣ እንዳታቆም አልኩህ። ለምን ብትለኝ፣ ሳሳሁ። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ያለዚያች ለቅሶ ከንቱ መስሎ ታየኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የቀረውን አይተሃል። እትዬ ሩቂያ ሽማግሌዎቹን በፈገግታ ተቀበሉ፤ ዛሬስ ሐዘኑን ተክናችሁበታል አሏቸው። ካሜራ የያዙት ልጆች በየት በኩል እንደቆሙ ጠየቁና ነጠላቸውን አስተካክለው እኔ ያስጠናኋቸውን ቃል አንድ በአንድ ተናገሩ። ሸህ አህመዲን፣ ካሜራ የለም ሩቂያ፣ ልጆቹን አስቀርቻቸዋለሁ፣ ሰብር አድርጊ፣ ቻይው አሏቸው። አላመኑም። ደግመው ሲነግሯቸው፣ ይህችን ደግሞ ማን ጨመራት ብለው ሳቁ። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌው ራሳቸው እንባ አውጥተው የፈርሂያን ስም ጠሩ። ያኔ ዓይንህን ከካሜራው አንሥተህ ወደ እኔ ዞርክ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር፤ እጅህም ማጥፊያው ላይ ነበረች። እኔ በጣቴ ቀጥል አልኩህ። አንተ እኮ ልታቆም ነበር! የተሸለምከው ለዚያች ጣቴ ነው።

በዚያው ቀን፣ ለቅሶ እንኳ ሳትደርስ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለስክ። እኔ ድንኳን ተከልኩ፣ ውኃ አመላለስኩ፤ ሰውም ደግ ልጅ ነው ብሎ መረቀኝ።

ትናንት እትዬ ሩቂያ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ፊልሙን በሚያዝያ ወር አዳራሻችን ውስጥ ልታሳይ እንደምትመጣ ሰምተዋል፤ የፊት ወንበር ተይዞላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ዋንጫው በእሳቸው ለቅሶ የተገኘ መሆኑንም ሰው ነግሯቸው ኖሮ፣ ልጄ፣ እኔ መቼ አለቀስኩላችሁ? ሦስቱንም ቀን ስቄ አበላሸሁባችሁ እኮ አሉኝ። ደወል ተደወለ ብዬ ክፍል ገባሁ።

እባክህ ወንድሜ፣ ወደዚህ ከምታመጣው ቅጂ ያችን ትዕይንት ቁረጣት። የተሸለምክባት ስለሆነች እንደምትሳሳላት አውቃለሁ። ካልቆረጥካት ግን ዳይሬክተር በሚለው ቦታ የእኔን ስም አስገባ። ለክብር ብዬ አይደለም፤ ሴትዮዋ የሚያለቅሱበትን ሰው ይወቁት። አስቀድሜ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ፈጣሪ ጤናህን አያጓድልብህ። እናትህን ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይልህ፤ ክፉ ወሬ ከደጃቸው ይራቅ።

እኔ በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ ነኝ። እትዬ ሩቂያ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ የሚታየውን እየነገርኩ እንዳሳያቸው ቃል አስገብተውኛል።

አብሮ አደግህ