ሙሽራው መርፌ አልዋጠም

ሆሳዕና፣ መስከረም 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሳህሉ፣

ሰላምታዬ መተከል ድረስ ይድረስልኝ። ባለቤቴ ሰፊያና ልጆቹ ደህና ናቸው። ሙሽራውም ደህና ነው። ባለፈው ደብዳቤም «ደህና ነው» ብዬዎት ነበር። ያኔ ውሸቴን ነበር፣ አሁን ግን እውነቴን ነው። እባክዎ ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለቤትዎ እትዬ ወርቅዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ጣዎስ ወፍ አገሩን ለቆ ከሚሄደው ፈረንጅ ሐኪም ተቀብለው «ሙሽራው» ሲሉት እዚህ ሰፈር ያልሳቀ አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እስከ ዛሬ «የፊውዳል ዶሮ» ነው የሚለው። እርስዎ በሠፈራ ጣቢያው እንዲያስተምሩ ተመድበው የሄዱ ዕለት ወፉን አቅፈው ልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሙ። «አወል፣ ወርቅዬን ቀብሬ ነው የምሄደው። የእሱን ሞት አታሰማኝ» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ጩኸቱ ጠፋ። አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ አፉን ይከፍታል፣ የሚያዛጋ ይመስላል፣ ከዚያ ያስነጥስና ራሱን ያራግፋል። የደረቱ አጥንት በእጅ ይቆጠር ጀመር። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ትልቁ መርፌዬ ጠፍቶብኝ ነበር። ሙሽራው ከስፌት መኪናዬ ሥር የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ እየለቀመ እንደሚውጥ ያውቃሉ። ነገሩ ገባኝ፤ ገደልኩት አልኩ። ለሰፊያ እንኳ መናገር አቃተኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዚሁ መሀል ነው። «ሙሽራው ይጮኻል ወይ? ከሚጥለው ላባ አንድ ላክልኝ፣ ራስጌዬ ላድርገው» ብለዋል። ሰፊያ መስታወቱ ላይ ሰክታው የነበረውን፣ አምና የረገፈውን ባለ ዓይን ላባ አንስቼ «ትናንት የጣለው ነው» ብዬ ላክሁልዎ። ጋሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። በገዛ እጄ የጻፍኩልዎ የመጀመሪያው ደብዳቤ ውሸት ሆነ። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አቅም እንዲያገኝ ብዬ በየጠዋቱ ከጓሮ እንሰቱ ሥር፣ ፍግ የለመደውን እርጥብ አፈር እየቆፈርኩ ወፋፍራሙን የመሬት ትል አበላው ነበር። ከመዳፌ ላይ ይለቅም ነበር። እኔም ነገ ይሻለዋል እያልኩ እጨምርለት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ከሺንሺቾ መጣ። ወንዳፈረው ይባላል፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ወገቡን ስለካው ዓይኑ ሙሽራው ላይ ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያዛጋው?»

«መርፌ ውጦብኝ ነው» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

ሰፊያ ከጓዳ ወጣች። «አንተ! ሁለት ወር ሙሉ ይኼን ይዘህ ነው እህል አልበላ ያልከኝ?»

ወንዳፈረው ሳቀ። «መርፌ የዋጠ ወፍ ሁለት ወር አይጠብቅህም። ደግሞ ጓሮ ያሉት ዶሮዎችህም ያስላሉ እኮ። ተካፍለው ነው የዋጡት?»

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። «እኔ የተማርኩት በሬና በግ ነው፣ ይኼን የሚያህል ጌጠኛ በሽተኛ አክሜ አላውቅም» አለና «እንዳይራገጥ ከአቡጀዲ ከረጢት ስፋለት» አለኝ። አንገቱ ብቻ የሚወጣበት አድርጌ ሰፋሁለት። ሰፊያ የደንበኛ መስታወቱን ይዛ ፀሐይዋን ወደ ተከፈተው አፉ መለሰችው። ከምላሱ ሥር፣ በመተንፈሻው ቧንቧ ውስጥ ቀይ ነገር ታየኝ። «ክሬን ነው የዋጠው!» ብዬ ጮህኩ። ወንዳፈረው ከሙሽራው ክንፍ አንድ አጭር ላባ ነቅሎ ከጫፏ በቀር ላጫት፣ ዘይት ነካ አደረጋትና ቀስ ብሎ ቧንቧው ውስጥ አስገብቶ አዙሮ ሳባት። አራት ቀያይ ትሎች ተጠቅልለው ወጡ። ሙሽራው ወንዳፈረው ፊት ላይ አስነጠሰበት።

«ምን ታበላዋለህ?» አለኝ ፊቱን እየጠረገ። በኩራት ነገርኩት። ራሱን ያዘ።

«አወል ወንድሜ፣ በሽታውን እኮ ያጎረስከው አንተ ነህ። ዶሮዎችህ የዚህን ቀይ ትል እንቁላል አስለው ይውጡታል፣ በኩሳቸው እንሰትህ ሥር ይወርዳል፣ የመሬት ትሉ ይበላዋል። አንተ ደግሞ ትሉን ለቅመህ ለእሱ!»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ግን ጋሼ፣ ልዋሽዎ አልችልም፣ ከውስጤ የወጣው ትንፋሽ የደስታ ነበር። የተዋጠ መርፌ አይመለስም፤ ትል ግን መድኃኒት አለው።

የባለሱቁ የዑመር ሚዛን ላይ ከነከረጢቱ መዘነውና የበጉን የትል መድኃኒት በልኩ ቀንሶ ሦስት ቀን ሰጠው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደገመለት። ዶሮዎቹም ወሰዱ። አሁን ሙሽራው ጓሮ አይገባም፣ አመድ በነሰነስኩበት ደረቅ በረንዳ ላይ ይውላል፣ የሚበላውም በቆሎና ጎመን ነው። የጠፋው መርፌ ደግሞ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ በለበሰው፣ እኔ በሰፋሁለት ኮት ገበር ውስጥ ተገኘ። ያገኘው ራሱ ነው፣ ሲቀመጥ። ሰፊያ ጓዳ ገብታ ሳቀች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላባ ያገኛሉ። ዓይን የላትም፣ ከጫፏ በቀር የተላጨች ናት፣ በፈላ ውኃ ቀቅዬም አበላሽቻታለሁ። ትሉን ያወጣችው እሷ ናት። ቆንጆውን ከራስጌዎ አንስተው ይህችን ያድርጉልኝ፤ ከእኔ የደረሰችዎ እውነተኛ ላባ ይህች ናት።

ይጮኻል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ትናንት ጠዋት የስፌት መኪናዬን ዘይት እየቀባሁ ሳለ በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ድሮው ሰፈሩን አናጋው። ሰፊያ ሮጣ ወጣች፤ ሊቀመንበሩም «ያ ፊውዳል ዛሬም አለ?» አለ። አዎ ጋሼ፣ አለ። ይጮኻል።

አደራዎን ያልጣለ፣ ግን ሊጥል የነበረ ተማሪዎ፣
አወል