የዲያቹክን ግጦሽ ላረሱልን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ሌስተር ዋድል
የድራይ ፎርክ ገጠር ወረዳ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ቨርና፣ እንዲሁም በበረዶው ወራት እጅግ ላስቸገረዎት ለቀኝ ጉልበትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎ ተሽሎት የትራክተሩን መሰላል እንደ ጎረምሳ ሲወጡና ሲወርዱ ከኩሽናዬ መስኮት ስላየሁ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስድሳ ዓመት ሙሉ “አንተ” ስልዎት ኖሬ ዛሬ “እርስዎ” ማለቴ እንግዳ ቢሆንብዎ አይቀየሙኝ፤ ከመጋቢት ወዲህ ከማን ጋር እንደምነጋገር እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ ለማላውቀው ሰው የሚገባውን አክብሮት ልስጥ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ በኅብረት ሱቁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትና ለሳምንታዊው ጋዜጣችንም የላክሁት፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ “በኔ ዘመን ሁሉም ነገር በግልጽ ይሠራል” ብለው ሲናገሩ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ስላጨበጨብኩ ነው።

አንደኛ። ስለ ጠረጴዛው ላመስግንዎ።

በወረዳችን መሬት ሲሸጥ እንዴት እንደሚደረግ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ነገር ግን ይህን የሚያነቡ አዲስ ሰዎች ስላሉ ልድገመው። ሻጩ ገዢዎች የታሸገ ፖስታቸውን ለጠበቃው እንዲሰጡ ያስነግራል፤ ከፖስታው በፊት ግን ጠረጴዛው አለ። ጠዋት ጠዋት የዳይስ ጠጠር እየጣልን የተሸነፈው የሁላችንንም ቡና በሚከፍልበት በኅብረት ሱቁ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አጥሩ ከሚሸጠው መሬት ጋር በረጅሙ የሚዋሰነው ሰው ተነስቶ “እኔ እፈልገዋለሁ” ይላል፤ ያሰበውንም ዋጋ ሳይደብቅ ጮክ ብሎ ይናገራል። ዋጋው በአደባባይ የሚነገረው ሻጯ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ስለምትሆን፣ እንዳትበደል ነው። አንሶ ከተገኘ “ኧረ እፈር፣ ጨምር እንጂ!” ይባላል፤ ከበቃ ደግሞ ሁሉም ይጨባበጣል፣ ሌላ ፖስታም አይገባም። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነበር።

በየካቲት ወር፣ ነፍሱን ይማረውና ሜትሮ ዲያቹክ ካረፈ በኋላ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ስቴፋ ከተማ የአረጋውያን ቤት ስለገቡ፣ ከአጥሬ ማዶ ያለውን የግጦሽ መሬታቸውን ለመሸጥ አስነገሩ። ይህ ስድሳ ላሞቼ ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ የዋሉበት፣ ጅረቱ የሚያልፍበት፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ሣር ነው። ተነሳሁና “እፈልገዋለሁ” አልኩ። ሃርቪ ስላቪክ እንደ ልማዱ “ዊልማ፣ ለላሞቹ ነው ወይስ አንቺው ልትግጪው ነው?” ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ዋጋዬን ተናገርኩ። ያኔ ክቡርነትዎ የቡና ስኒዎን አስቀምጠው፣ ራስዎን እየነቀነቁ “ስሚ ዊልማ፣ ስቴፋ እኮ አሮጊት ናት፤ ጨመር አድርጊላት እንጂ” አሉኝ። አፈርኩና ጨመርኩ። እርስዎም ጠረጴዛውን ዞረው መጡና እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው “በቃ፣ ያንቺ ነው። ማንም ፖስታ አያስገባም፤ ያስገባ ጸቡ ከኔ ጋር ነው” አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለወይዘሮ ስቴፋ ስላሳዩት ርኅራኄ፣ ዋጋዬንም እስከ መጨረሻው ሳንቲም ድረስ እንዳውጅ ስለረዱኝ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ። ስለ ኩባንያው።

በመጋቢት ጠበቃው ፖስታዎቹን ሲከፍት ሁለት ነበሩ። አንዱ የኔ፣ ሁለተኛው ስም የሌለው፣ በቁጥር ብቻ የሚጠራ ኩባንያ፣ ዋጋውም ከኔ በአንዲት ቁንጣሪ ከፍ ያለ። ወይዘሮ ስቴፋ ጋ ስደውል ምስኪኗ “ልጄ፣ ጠበቃው ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ። እኔ እኮ የእናንተ የቤተሰብ ኩባንያ መስሎኝ፣ ዊልማ ሀብታም ሆናለች ብዬ ተደስቼልሽ ነበር” ብለው በስልክ አለቀሱ። እሳቸውን ማጽናናት የኔ ሥራ ሆነ።

ከዚያ ከቢሮዎ አዲሱ የወረዳ ካርታ ወጣ፤ በየቤታችን ግድግዳ የምንሰቅለው፣ እያንዳንዱ ማሳ ላይ የባለቤቱ ስም የሚታተምበት። ሃውግስታድ፣ ሃውግስታድ (ሁለቱም የኔ)፣ ዋድል፣ ስላቪክ እያለ ይሄድና፣ ዲያቹክ ይል የነበረበት ቦታ ላይ ያ ቁጥር ተጽፏል። መሬታችን ላይ ቁጥር ሲኖር የመጀመሪያው ነው፣ እንኳን ደስ ያለን። ኩባንያው የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ጠበቃው በሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው የፖስታ ሳጥን፣ እርስዎና ወይዘሮ ቨርና በየዓመቱ የገና ካርድ የምትልኩልኝ ያው የፖስታ ሳጥን ነው። ካርዶቹን ሁሉ አስቀምጫቸዋለሁ፣ በጣም ያምራሉ። ጸቡ ከእርስዎ ጋር መሆኑ አስቀድሞ ስለተነገረ፣ ከራስዎ ጋር እንዴት እንደተጣሉና ማን እንዳሸነፈ ቢነግሩን ደግ ነበር።

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ አልካዱም፤ ለዚህ ቅንነትዎም አከብርዎታለሁ። “ዊልማ፣ እጅ መጨባበጥ እኮ ወረቀት አይደለም። ደግሞ ስቴፋ ተጠቀመች፣ ምን ታማርሪያለሽ?” አሉኝ። ድንቄም ለስቴፋ! እጅ መጨባበጥ ወረቀት አለመሆኑን አባትዎም አባቴም ሳያውቁት ነው የሞቱት፤ እኔም እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር።

ሦስተኛ። “ምን ታማርሪያለሽ” ላሉት መልስ ሳልሰጥ ወጥቼ ነበርና፣ አሁን ልመልስ።

ልጄን ሲግሪድን ያውቋታል፤ ከተማ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ የነበረችው፣ በልጅነቷ ከቤትዎ ቨርና የጋገረችውን ፓይ ስትሰርቅ የያዟት። ባሌ ኦርቪል ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን እመለሳለሁ ትለኝ ነበር፤ የኔ ሁለት የእህል ማሳ ግን ለሁለት ቤት አይበቃም፣ ሣሩ ሲጨመርበት ብቻ ነበር የሚበቃው። እጄን የጨበጡኝ ቀን ደወልኩላት። “እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ። “ሌስተር ጨብጦኛል” አልኳት። “ሌስተር ከጨበጠሽማ አለቀ በቃ!” ብላ ሳቀችና በማግስቱ ጠዋት የሥራ መልቀቂያዋን አስገባች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ ጡረታ ያለው ሥራዋን፣ በእርስዎ እጅ ላይ አስቀምጣ መጣች። ዕቃዋ አሁንም በካርቶን እንዳለ ጎተራዬ ውስጥ ነው።

አራተኛ። ይህ ነጥብ በመጀመሪያ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነበር።

ደብዳቤውን የጀመርኩት በግንቦት ወር በአንዱ እሁድ ነው፤ የጻፍኩትም እንዲህ ነበር፦ መሬቱን ወስደዋል፣ ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው፤ ብቻ ሣሩን ማረሻ አያስነኩት፣ ያከራዩኝ፣ የጠየቁኝን እከፍላለሁ፣ አንዴ ከተገለበጠ እኔም እርስዎም የልጅ ልጆችዎም ተመልሶ ሲበቅል አናይምና። እንደዚህ አድርጌ፣ ያለ አሽሙር፣ ከልቤ ነበር የለመንኩዎ። ማክሰኞ ጠዋት ሳህን እያጠብኩ ሳለ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። ሐሙስ ሁሉም ጥቁር ሆነ። ስለዚህ ልመናውን ሰርዤ ይህን በቦታው ጽፌያለሁ። ምስር ሊዘሩበት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ምስር ዋጋ አለው ይላሉ።

በሳምንቱ፣ በየዓመቱ ላሞቹን ወደ ሣሩ የምናወጣበት ቀን ደረሰ። ላም የቀን መቁጠሪያ የላትም፣ ግን ታውቃለች። ቤርታ የምንላት አሮጊቷ ላም ከፊት ሆና መንጋውን መራችና የዲያቹክ በር ላይ ወስዳ አቆመችው። በሩን እያዩ፣ ከበሩ ማዶ ያለውን ጥቁር አፈር እያዩ፣ እኔን እያዩ ይጮሁ ጀመር። ሲግሪድ “እማዬ፣ ክፈቺልን እኮ ነው የሚሉሽ” አለችና ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ላም አይታ የምታለቅስ ሴት ናት ይበሉኝ፣ አላፍርም። እስከ ጨለማ ድረስ ከበሩ አንነቃነቅ አሉን፤ በመጨረሻ በድርቆሽ አታለን መለስናቸው።

ድርቆሹ ለሦስት ሳምንት ይበቃ ነበር። ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ሌላ ግጦሽ ፈልጊ ብለውኝም ስለነበር ፈለግሁ፤ ቅርብ ያለው በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል፣ እሱም ውሃ የለውም። እናም ስድሳውንም ወደ ከብት ጨረታ ጫንናቸው። ቤርታን ተሳቢው ላይ ያወጣቻት ሲግሪድ ናት፤ ለሌላ ሰው እሺ አትልም ነበር። የቀድሞ ሥራዋ ሰው ተቀጥሮበታልና አሁን ሰሜን አንድ የማዕድን ካምፕ ውስጥ ነች፤ እዚያ ዛፍ እንኳ የለም ትላለች። እንግዲህ ያጣሁት ይህ ነው። ጠይቀውኝ ስለነበር ነው የመለስኩት።

አምስተኛ። ስለ ድንጋዩ፣ ባጭሩ።

በሣሩ መሃል፣ በጥንት ዘመን ጎሾች ጀርባቸውን እያከኩ እንደ መስታወት ያለሰለሱት ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ከጎሾቹም በኋላ ላሞቼ ሲያከኩበት ኖረዋል። ለማረሻው እንቅፋት ስለሆነብዎ አስነቅለው፣ ወረዳው ቢሮ በር ላይ አስተክለው፣ “ለቅርስ ጥበቃ በአቶ ሌስተር ዋድል የተበረከተ” የሚል ጽሑፍ አስለጥፈውበታል። ባለፈው አርብ ሄጄ ተመልክቼዋለሁ። በጎኑ ላይ የቤርታ ቀይ ፀጉር ተጣብቆ ስላለ፣ የጽዳት ሠራተኛው እንዳያጥበው ትእዛዝ ቢሰጡልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ሌላ ምንም ነገር የለኝም፤ መሬቱን ይመልሱ አልልም፣ ቢመልሱትም የሚመለሰው አፈር እንጂ ሣር አይደለም። በጥቅምት ምርጫ አለ፤ ሃርቪ ስላቪክ እንኳ፣ ያ በነገር ሁሉ የሚቀልደው ሰውዬ፣ ከጠረጴዛው ተነስቶ “ከእንግዲህ ዋጋዬን ጮክ ብዬ ብናገር ምላሴ ይቆረጥ” ሲል ሰምቼዋለሁ። ማንም አልሳቀም። አሁን ሁሉም ፖስታውን በደረቱ ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀጥለዋ ባልቴት ስንት እንደሚሰጧት እግዜር ይወቅላት። ይህንንም የሠሩልን እርስዎ ነዎትና ስምዎ ሲጠራ ይኖራል።

ምስርዎ እንዲያምር፣ በረዶ እንዳይመታው፣ የጉልበትዎም ሕመም እንዳይመለስብዎ እየተመኘሁ፣ ከዘለዓለማዊ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳዎ፣ እጅ መንሳት ስል ግን በሩቁ መሆኑን የማሳስብዎ፣

ዊልማ ሃውግስታድ
ላም አልባ ጎረቤትዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቤትዎ የሚጠጣው ውሃ ከግቢዬ ጉድጓድ በቧንቧ እንደሚመጣ ሳይዘነጉት አይቀሩም። በድርቁ ዘመን የእናንተ ጉድጓድ ጨው ሲሆንባችሁ አባትዎ ቆባቸውን አውልቀው መጡ፣ ከአባቴ ጋር ተጨባበጡ፣ ቧንቧው ተቀበረ። እጅ መጨባበጥ ወረቀት አይደለም ካሉኝ በኋላ የአባቴን ሳጥን ሦስት ቀን ሙሉ በረበርኩት። ወረቀት የለም። ሲግሪድ በስልክ “እማዬ፣ ዝጊውና እንገላገል” ትለኛለች። መዝጊያው በእጅ የሚዞር ነው፤ ትናንት ሄጄ ጨበጥኩትም። አልዘጋሁትም። ቨርና ምን አደረገችኝ? ስለዚህ ነገ ጠዋት ቧንቧህን ስትከፍት አትፍራ፣ ይመጣል። ጠጣ ሌስተር። አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ቃሉን ግን ዛሬም እየጠበቀልህ ነው።