ዋጋው ያልተጻፈ ድግምት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያባበልሽው ነው? እኛ ደህና ነን። የአባባ የጀርባው የመኝታ ቁስል ደርቋል፤ በቀኝ እጁም ኩባያ ማንሳት ጀምሯል፣ ግማሹን ደረቱ ላይ ቢያፈሰውም። እኔም አለሁ። አንቺ ባትጠይቂኝም መልሱን አብሬ ልላክልሽ ብዬ ነው።

በደብዳቤ የመጣሁብሽ በስልክ ስለማታስጨርሺኝ ነው። ወሬያችን ገና ሳይሞቅ ኔትወርኩ ይጠፋል። የሚገርመው ሁልጊዜ የሚጠፋው እኔ መቼ ነው የምትመጪው ስል ነው እንጂ አባባ ሲመርቅሽ ጠፍቶ አያውቅም። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ካስጠላሽ መቅደድ ትችያለሽ።

የቅዳሜው የተረት ጨዋታችን አልቆመም። አባባን ጥዬ መውጣት ስለማልችል ጠረጴዛውን እሱ ክፍል ካስገባነው ሁለት ዓመት ሞላን፤ አንቺ ከሄድሽ ማለቴ ነው። ሹፌሩ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጣል፣ የሒሳብ መምህሯ መስኮቱን ይዛለች፣ የአክስታችን ልጅ ደግሞ በሩን በጀርባው ዘግቶ ባለ ቁጥሩን የዕጣ ጠጠር፣ ዳይሱን፣ ሲያሽከረክር ይውላል። በተረቱ ውስጥ ሦስቱ ያው መንገደኞቹን ሆነው ይጫወታሉ፤ እኔ እንደ ድሮው ታሪኩን እመራለሁ፣ ባላጋራቸውንም ድግምቷንም የምፈጥረው እኔው ነኝ። አንቺ ስትጫወቺ ትሆኛት የነበረችው ፈዋሽ ወረቀቷ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ ነገር ባላጋራዋ ስትናገር ድምፅ የሚሆናት አባባ መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ላይ መነሻ ሰዓት ሲጠራ የኖረ ጉሮሮ እኮ ነው። ወገቡ ቢከዳውም ጉሮሮው አልከዳውም፤ ተሳፋሪዎች ብሎ ሲጀምር ሹፌሩ አሁንም ቀበቶውን ይዳብሳል።

እንግዲህ ልናዘዝልሽ። የዘንድሮዋን ባላጋራ የቀዳኋት ካንቺ ነው። ፀጉሯን ቀይሬዋለሁ፣ ግንብም ሰጥቻታለሁ፤ የቀረው ሁሉ አንቺ ነሽ። አታኩርፊ። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላይሽ ሳስብ የዋልኩት አንቺን ነው።

ሥራውን ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ። ድግምት ስትፈጥሪ ሁለት ነገር ሳትጽፊ ካርዱን እንዳትዘጊው ትዪኝ ነበር፦ የተደገመበት ሰው በምን ይወጣል፣ ደጋሚዋስ ምን ትከፍላለች። መውጫ የሌለው ዱላ ነው፣ ዋጋ የሌለው ዘረፋ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሰው ጠረጴዛሽን ጥሎ ይሄዳል ትዪ ነበር። ምክርሽን እንደ ጸሎት ይዤው ነው የኖርኩት። ማተሚያ ቤት ከመቁረጫ ማሽኔ ሥር የሚወድቀውን የሠርግ ጥሪ ቁራጭ እሰበስብና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጠርዙ ወርቅማ በሆነ ካርቶን ላይ እርግማን ስጽፍ እውላለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን አንስቶ አነበበና፣ ሙሽሮቹ ምን አድርገውሽ ነው አለኝ።

የመጀመሪያው ድግምት ጥቅል መላክ ይባላል። መንገደኛው ጥቅል ይደርሰዋል፤ ፈትቶ እስኪያመሰግን አንድ ተራ ያልፈዋል። መውጫው አለመክፈት ነው። ዋጋው ደግሞ ጥቅሉ ከየት እንደመጣ ስለሚያሳብቅ መደበቂያዋ መታወቁ ነው። መምህሯ ደርዝ ያለው ሥራ ነው ብላ አመሰገነችኝ። በነገራችን ላይ የላክሽው ፒጃማ አባባን ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል። ስንት ኪሎ እንደቀረው አታውቂም፣ ከየት ታውቂ። ሁለተኛው የሩቅ ድምፅ ነው፤ ትእዛዙ መሃል ላይ ተቆርጦ መንገደኛው በግማሽ ቃል ሲደናበር ይገኛል። እሱም ቢሆን ዋጋ አለው፤ በሚቀጥለው ተራ እሷም ድምጿ ይዘጋል።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። ስሙ እመጣለሁ ይባላል። ባላጋራዋ መንገደኛውን በስሙ ጠርታ እመጣለሁ ትለዋለች፤ በቃ። አልታሰረም፣ እግሩ ጤነኛ ነው፣ ቢሄድ የሚይዘው የለም። ብቻ አሁን ዞር ስል ብትመጣስ እያለ ከቆመበት አይነቃነቅም። በየተራው ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጥላል፣ ሃያ ከወጣለት ይነቃል።

እዚህ ላይ ስለ እኔ ጥቂት ልበል፣ አንቺ ስለማትጠይቂ። ከዚህ የስምንት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት የመቁረጫና የጥረዛ ክፍሉን ላስረክብሽ ብሎኛል። ሰባት ሠራተኛ በሥሬ፣ የራሴ ማሽን፣ መስኮት ያለው ክፍል። ሁለት ጊዜ ቆዩኝ አልኳቸው። እህቴ ትመጣለች፣ ተራዋ ነው፣ እንደደረሰች እነሳለሁ አልኩ። ሦስት ወር አንቺ ሦስት ወር እኔ አልነበር የተባባልነው? ሦስተኛ ቀጠሮ የለም ብለውኛል። እንግዲህ እዚያ ድግምት ላይ እጄ ቢከብድ አትፍረጂብኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሹፌሩ ላይ ነው። ጓደኞቹ ሲዋጉ እሱ ድልድይ ላይ ስድስት ተራ ተገትሮ ዋለ። ይሄማ ድግምት ሳይሆን ፌርማታ ነው አለና ሁላችንም ሳቅን፤ አባባም ሳቀ። መምህሯ ግን አልሳቀችም። እርሳሷን አወጣች። በስድስት ተራ ውስጥ የመውጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል እንደሆነ አሰላችና ጭካኔ ቢሆንም ይታለፍ አለች። ከዚያ ካርዱን ገልብጣ የዋጋውን መስመር ፈለገች። ባዶ ነው። ባላጋራዋስ ምን ትከፍላለች ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ያለ ዋጋማ አይሆንም፣ ወይ ጻፊ ወይ ቅደጂ አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ። ደሟን ትክፈል አልኩ፣ ሰረዝኩት። እንቅልፍ ትጣ አልኩ፤ አንቺ እንቅልፍ ላይ የማትታሚ ሰው ስለሆንሽ እሱንም ሰረዝኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጭንቀቴ የካርዱ ጉዳይ አልነበረም። አለመምጣት አንቺን ምን እንደሚያስከፍልሽ ማወቅ ነበር የፈለግሁት። ትንሽም ብትሆን አንዲት ነገር ባገኝ፣ ለምሳሌ ምግብ አይበላላትም ብል፣ ቂሜን ግማሹን እጥለው ነበር። አላገኘሁም።

የዛሬ ስምንት ቀን ቅዳሜ ባዶውን ካርድ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ቀረብኩ። መምህሯ እንደገና ጠየቀች። እኔ ስንተባተብ አባባ ከትራሱ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና በባላጋራዋ ድምፅ ጀመረ። ዋጋውን ከእኔ አትጠይቁ አለ። እኔ በሦስተኛው ወር ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር። አትምጪ ያለኝ በሩ ላይ የተኛው ሽማግሌ ነው። እዚህ አንዷ ከገባች ይበቃል፣ ሁለታችሁም እዚህ ምን ታደርጋላችሁ፣ አንቺ እንኳ ትረፊ አለኝ። እመጣለሁ እያልሽ ደልያት እንጂ እንዳትመጪ ያለኝም እሱ ነው አለ።

ሹፌሩ ጠረጴዛውን ደበደበው። የአክስታችን ልጅ ከወንበሩ ተነሳ። ከግንቡ ጀርባ ሌላ ደጋሚ አለ ማለት ነው እያሉ ወረቀታቸው ላይ ጻፉ፤ አባባ እንዲህ ታሪክ ማጠፍ እንደሚችል ማን ያውቅ ነበር እያሉ አወደሱት። እኔ ዳይሱን ጨብጬ ቀረሁ። የአባባን ጨዋታ ከቁም ነገሩ ለይቶ ለማወቅ እኮ ዓይኑን ማየት ይበቃል፤ ሲጫወት እኛን ነው የሚያየው፣ ያኔ ግን የሚያየው ኮርኒሱን ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ ግራ ልገለብጠው ጎንበስ ብዬ ጠየቅሁት። አልካደም። ሁለት ሳምንት ካርዱ ላይ ስምሽን ሳጠቁር ሲያይ አላስቻለውም። ልብ አድርጊ፣ የተናገረው ለእኔ አዝኖ እንዳይመስልሽ፤ ያንቺ ስም ሲጠፋ ሆዱ አልችል ብሎት ነው። ለምን እኔን አባባ አልኩት። አንቺ ጠንካራ ነሽ አለኝ። ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ሲመርጥ እንዲህ ይላል። ጨርሼ ገለበጥኩት፣ ትራሱን ከጉልበቱ መሃል አስገባሁ፣ ወጥቼ ኩሽና ውስጥ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እሱስ አባት ነው፣ የታመመ ነው፣ ፈሪ ነው ልበል። አንቺስ? ሁለት ዓመት ሙሉ እንደማትመጪ እያወቅሽ እመጣለሁ ስትዪኝ ምላስሽ አልተሳሰረም? መኪና በቆመ ቁጥር እጄን ሳላደርቅ መስኮት ጋ እሄድ ነበር። አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ ምናልባት እኔው ራሴ ቅሪ እልሽ ነበር። ቅሪ ብዬ የምመርቅበትን ዕድል እንኳ ከእጄ ነጠቃችሁኝ። ትጥላኝ፣ የእኔ ዋጋ እሱ ይሁን ብለሽ አስበሽ ከሆነ ደግሞ ተሞኝተሻል። የእኔ ጥላቻ እዚያ ድረስ አይደርስሽም። ስልኩ ሲዘጋ ያልቅልሻል፤ እኔ ግን አብሬው አድራለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ካርዱን ሞልቼ ለመምህሯ ሰጠኋት። ዋጋውን የሚከፍለው ሦስተኛ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። ይሄ አይመዛዘንም አለች፤ ደጋሚውም የተደገመላትም እጃቸውን ታጥበው፣ ሳይጠየቅ የሚከፍለው ይሄ ሦስተኛው ማን ነው፣ የት ቆሞ ነው ብላ ጀመረችና ቀና አለች። እኔን አየች፣ አልጋው ሥር ያለውን የሽንት ሳህን አየች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ሹፌሩም ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። የአክስታችን ልጅ ብቻ እንጫወታለን ወይስ አንጫወትም ይላል። ካርዱን ተቀብዬ ቀደድኩት። የቀሩትን ከነደብተሩ ለመምህሯ ሰጠኋት፤ ከእንግዲህ እሷ ትመራለች።

ለማተሚያ ቤቱም እሺ ብያለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ራሱ ያደርሰኛል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አሥር ቀን ያህል ይቀርሻል። ክኒኑ ጠዋት ሁለት ነው፣ ማታ አንድ፤ ነጩን ከምግብ በፊት ከሰጠሽው ያስመልሰዋል። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ወደ ቀኝ ስታዞሪው ይሳደባል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ በዪው። ሾርባው ካልቀጠነ ያንቀዋል። ቁልፉን መምህሯ ጋ ታገኚዋለሽ። እሷም ብትሆን አባባን ሁለት ቀን ልያዝልሽ ነው ያለችው እንጂ ሦስተኛ ቀን የለም።

ለአባባ የነገርኩት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ፊቱን ሳጥበው። አትሂጂ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግም አላውቅም። አላለኝም። ማን ሊገለብጠኝ ነው ብቻ አለ። ልጅህ አልኩት።

ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! የምትመጪበትን ቀን ጠየቀኝ፣ ሰዓቱን ጠየቀኝ፣ መንገዱ ደህና መሆኑን ጠየቀኝ። ጢሙን ለመላጨት ሁለት ዓመት ስለምነው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ራሱ አገጩን ቀና አደረገና፣ ላጪኝ እንጂ፣ እንዲህ ሆኜ ልታየኝ ነው እንዴ አለኝ። ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል አልኩት። አልሰማኝም። ሳሙናውን አረፋ አስወጥቼ ላጨሁት።

መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልሽ። ጤናና ትዕግሥት ይስጥሽ፤ ትዕግሥቱን አብዝቶ ይስጥሽ። እኔንም የምሄድበት አገር ሰው አድርጎ ይቀበለኝ በዪልኝ።

ታናሽ እህትሽ