አሸዋ ያለው ዱቄት

ግንቦት 21
ወፍጮ ቤቱን ጠረግኩ። አክስቴ ተከትላ እንደገና ጠረገችው። “የተማረ ሰው ጥርጊያ!” አለች፣ እንድሰማ አድርጋ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እዚሁ እሷ ዘንድ ነኝ። ጆንያ እሸከማለሁ፣ ዱቄት አፍሳለሁ፣ እሰደባለሁ።

ወንዙ ሞልቷል፤ ወፍጮው ጥሩ ይዞራል። ድንጋዩን ባለፈው ሳምንት ነው አክስቴ በመዶሻ ወቅራ ያሻከረችው።

ገምባሌ ያሰሩት ወታደሮች፣ እኛ ገምባሌዎቹ የምንላቸው፣ መንደራችንን ከያዙ ሃያ ቀን ሆናቸው። ከነሱ በፊት የያዙን ጠላቶቻቸው ኮፍያዎቹ ነበሩ፤ አሁን ከኮረብታው ጀርባ ሆነው ይተኩሳሉ። ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ሁለቱም “ልናድናችሁ ነው” ባዮች። ከማን? አንዱ ከሌላው ይሆናላ።

ግንቦት 23
የገምባሌዎቹ መቶ አለቃ ሰብስቦን በአስተርጓሚ ተናገረ። በየቤቱ ያለ እህል በሙሉ ወፍጮ ቤት ይግባ። በአሥር ቀን ተፈጭቶ ለጦሩ ይሰጥ። የደበቀ ሰው ቤቱ ይቃጠላል።

“የዘሩስ?” አለች ሸክላ ሠሪዋ።

አስተርጓሚው ጠየቀላት። መቶ አለቃው ትከሻውን ነቀነቀ። “እህል እህል ነው ይላሉ።”

ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። ዘሩ ከተፈጨ ምን ልንዘራ? አክስቴን አየኋት። ዝም። ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነው፣ “ዝም አይነቅዝም”። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ግንቦት 24
ጆንያው እስከ ጣራ ተከመረ። ሁሉም የራሱን አውርዶ ሲሄድ አንዴ መታ መታ ያደርገዋል፣ ልጁን እንደሚሰናበት።

በር ላይ አንድ ዘበኛ አቆሙብን። አክስቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ላይኛውን ድንጋይ አስገለበጠችኝና መዶሻዋን ይዛ ቁጭ። ቀኑን ሙሉ ቋ… ቋ… ቋ።

“ከወቀርሽው ሁለት ሳምንት አልሞላውም እኮ!” አልኳት።

“ወፍጮው የማነው?”

“ያንቺ።”

“እንግዲያው ውሃ ቅዳ።”

ግንቦት 26
አሁንም ትወቅራለች። ማታ ማታ ትንሽ ስንዴ ታስፈጫለች፤ ለሙከራ ነው ትላለች። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ አሸዋ ይተፋል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። የመጀመሪያው ዱቄት ለከብት ነው የሚሰጠው። መቶ አለቃው መጥቶ አንድ ቁንጣሪ ቀመሰ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እኔ ዘንድ ተሰማ። “ወታደሮቼን ድንጋይ ልታበላ ነው?”

“ገና ነው በሉት። ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል” አለችው አስተርጓሚውን።

በየቀኑ እየወቀረችው ዱቄቱ መቼ ይጠራል? አባቷ ያወረሳት ድንጋይ እኮ ነው፤ በስንት ዓመት የሚያልቀውን በሳምንት ልትጨርሰው! አእምሮዋን ነካት ይሆን?

ግንቦት 27
አልነካትም። የነካው እኔን ነው።

ሴቶቹ በየማታው ያንን ዱቄት ለከብት ብለው በቅርጫት ይወስዳሉ። ዘበኛው ከላይ ዝቆ ይቀምሳል፣ “እንትፍ!” ይላል፣ ሂዱ ይላቸዋል። (ስሙ እንትፍ ሆኗል። ሲጠሩት ደስ ብሎት ይዞራል፣ ምስኪን።) ዛሬ የሸክላ ሠሪዋን ቅርጫት ላሸክማት ብዬ አነሳሁት። ከበደኝ። እጄን ከዱቄቱ በታች ሰደድኩ… ዘር! ንጹሕ የስንዴ ዘር።

ጆንያዎቹን ሄጄ ዳሰስኩ። ግማሾቹ ገለባ ናቸው፤ ክብደት እንዲሆናቸው ከሥራቸው አፈር። እኔ አጠገቧ ተኝቼ እያደርኩ አላወቅኩም!

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ፊትህ ይናገራላ።”

ማሳው ላይ ሰው ሲያርስ ይውላል፤ ገምባሌዎቹ ቆመው ያያሉ። ዘር የሌለው አራሽ ማንን ያስፈራል? ዘሩ ግን በየኪሱ ነው። አንዴ አፈር ከለበሰ ማንም ጆንያ ውስጥ መልሶ አይከተውም። አክስቴ የምትገዛው ጊዜ ነው። በአባቷ ድንጋይ።

እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መኖሬን ዛሬ ነው ያወቅኩት። አፈርኩ፣ ደግሞም ኮራሁ።

ግንቦት 29
ከድንጋዩ የተፈናጠረ ስባሪ ቀኝ ዓይኗን መታት። ግራው ድሮም ሞራ ለብሷል። በእርጥብ ጨርቅ አሰርኩላት። አላለቀሰችም። “ስንት ጆንያ ዘር ቀረ?” ብቻ።

አሥራ አንድ።

ግንቦት 30
በዳሰሳ ወቀረች። ጣቶቿን ስትመታ ማየት አቃተኝና መዶሻውን ነጠቅኳት። ተሰዳድበን ተስማማን።

ሰኔ 1
ወይኔ… ወይኔ ዛሬ!

በደንብ ልሥራ ብዬ እንደ መጽሐፍ መስመር ቀጥ አድርጌ ወቀርኩ። ከዚያ ድንጋዩን በመጥረጊያ ጠረግኩ፣ በውሃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ጥርጊያ አይችልም ተብዬ የለ! ዱቄቱ ነጭ፣ ልስልስ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ!

ማታ እንትፍ ቀመሰ። አልተፋም። እንደገና ቀመሰ። ፈገግ አለ፤ የሸክላ ሠሪዋን ቅርጫት በሁለት እጁ ያዘ። ለራሱ ሊወስደው ነው። ሥሩ ዘር ነው!

ሸክላ ሠሪዋ ምን አደረገች? ቅርጫቱ ላይ ደፋ ብላ ሳለች። ምን ሳል! ዱቄቱ በነነ። ደረቷን ይዛ፣ አክታዋን ጠርጋ፣ “ይቅርታ ጌታዬ፣ በዚሁ ሳል ከቤታችን ሁለት ሰው ቀብረናል” አለችው በምልክት ጭምር። እንትፍ ቅርጫቱን ለቆ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ማንም አልተቀበረም። እሷም ስትስል ሰምቻት አላውቅም።

ለአክስቴ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። በጨርቅ የታሰረ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። “ዕድሜ ልክህን ስትጠርግ ኖረህ ዛሬ አማረልህ?”

ሰኔ 2
ሳልጠርግ ወቀርኩ። ሦስት ጆንያ ቀረ። ማምሻውን ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። እሷ ነች በጣቷ ያገኘችው። ስንጥቁን ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። “በቃው” አለች።

ሰኔ 3
ከንጋት ጀምሮ መድፍ። ኮፍያዎቹ ኮረብታውን ተሻግረዋል። ገምባሌዎቹ ተፈጨ አልተፈጨ ሳይሉ ጆንያውን ሁሉ በቅሎ ላይ ጭነው ሸሹ። ገለባና አፈር ጭነው! የመጨረሻው ሦስት ጆንያ ግን እውነተኛ ዘር ነበር፤ እሱ ይቆጨኛል። እንትፍ ሲያልፍ እጁን አውለበለበልን። ምን እንደተሰማኝ አላውቅም።

ሰኔ 4
ኮፍያዎቹ ገቡ። የነሱም አለቃ በአስተርጓሚ፣ “እህሉ የት አለ?”

“ገምባሌዎቹ ጭነው ሄዱ” አለች አክስቴ። “ባላይም ሰምቻለሁ።”

ቤት ለቤት ፈተሹ። የሚፈጭ የለም፤ መፍጫውም ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አለቃው ገምባሌዎቹን ረገመ። እኛም አብረን ረገምን።

ማታ ዘነበ።

ሐምሌ 1
ቀኝ ዓይኗ አይመለስም። ዛሬ በይፋ ነገረችኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል። ወጥቼ አለቀስኩና ተመለስኩ።

“ማሳው ጋ ውሰደኝ።”

እጄን ይዛ ሄደች። ድሮ ማንም እጇን አይዝም ነበር። ቡቃያው ከአንድ ስንዝር በታች ነው። በጉልበቷ ተንበርክካ በመዳፏ ዳሰሰችው። ፊቷ በራ… ሌላ ምን ልበል፣ በራ። ከዚያ ቆም አለች።

“ይህችን ማን ነው የዘራት?”

“እኔ ነኝ።”

“ታስታውቃለህ! እዚህ ተጨናንቋል፣ እዚያ ራሰ በራ ነው። ጨው የምትነሰንስ መሰለህ?”

እጅጌዋን ሰበሰበች። በጣቶቿ እየፈለገች ከታፈነው ቦታ በአፈሩ ትነቅልልኛለች፣ እኔ ባዶው ላይ እተክላለሁ። ያካፋል። ጭቃው እስከ ክርናችን ነው። አልፎ አልፎ ቀና ትላለች።

“ገና ባዶ ቦታ አለ?”

“አለ።”

“ታዲያ ምን ቆመሃል?”