ሌላ ሰው የሰፋልህ ካባ

ይመር ሆዴ፣

እንዴት ከርመሃል አልልህም፤ አንተ ወዳለህበት እንዲህ ያለ ሰላምታ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ያ ክፉ ሕመም ሳምንት እንኳ ሳላስታምምህ ነጠቀኝና፣ የልቤን ሳልነግርህ ቀረሁ። የልቤ ደግሞ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ቅናት ነው። በሟች ይቀናል ወይ በለኝ። እኔ እቀናለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ጓዳው ላይ የሚያፈሰውን ጣራ አስጠገንኩት። የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅህን ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ አከራየሁት፤ ጎበዝ ነው፣ ግን እንዳንተ እየሠራ አያፏጭም። የኔ የልብስ ስፌት እንዳለ ነው፤ ባጃጆቹም ዛሬም በሬን ዘግተው እየቆሙ ያጨቃጭቁኛል። ግድግዳው ላይ የለጠፍካቸውን ዓይናቸው ትልልቅ የተሣሉ ልጃገረዶች አላነሣኋቸውም። ላነሣቸው ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሳያቸው እነሱም እንደኔ ባል የሞተባቸው መሰሉኝና ተመልሼ ወረድኩ።

ጣውንቶቼ ነበሩ እኮ! ሌላዋ ሴት ባሏ ጠጅ ቤት ሲያመሽባት ትቆጣለች፤ እኔ የተቃጠልኩት በጃፓን ሥዕል ነው። ይኼ ለማን ይነገራል? እናቴ ስትሞት ወንድ ነኝ ብለህ ጥርስህን ነክሰህ የዋልክ ሰውዬ፣ አንዲት የተሣለች ልጅ ባቡር አመለጣት ብለህ በፎጣ ዓይንህን ስትጠርግ አገኘሁህ። ጎረቤት ደግሞ ጎልማሳ ሰው ካርቱን ያያል ብሎ ሲስቅ፣ ካርቱን አይደለም፣ አኒሜ የሚባል የጃፓን ፊልም ነው ብዬ የምከራከርልህ እኔው ነበርኩ። ውጭ ጠበቃህ፣ ቤት ውስጥ ኩርፊያ።

የአኒሜ ክበብህን ስትጀምር በሱቅህ ጓዳ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ነበሩህ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ካልጠፋ፣ ከፊልሙ ሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስክ ጮክ ብለህ ታነብላቸዋለህ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ እሰማሃለሁ። ለጀግናው ድምፅህን ታጎለምሳለህ፣ ለልጅቱ ታቀጥናለህ። ለኔ አንድም ቀን ድምፅህን ቀይረህ አውርተህ አታውቅም!

ከዚያ ልጆቹ አደጉ፤ አስተማሪና ነርስ ሆኑ፤ ሌሎችን ጎትተው አመጡ። በየዓመቱ በማንጎ ወቅት መርሳ ከተማ አዳራሽ ይዛችሁ፣ ኮንቬንሽን የምትሉትን ትልቁን ስብሰባ ማድረግ ጀመራችሁ። አንድ ብር ሳይከፈልህ የመብራት ገመዱን የምትዘረጋው አንተ፣ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ለምነህ የምታስጭነው አንተ፣ እንደ ተሣሉት ሰዎች ለብሰው የሚመጡትን ልጆች በር ላይ ቆመህ የምትቀበለው አንተ። ስትመለስ ድምፅህ ተዘግቶ፣ ፊትህ በርቶ ነው። ከኔ ጋ ውለህ ግን እንዲያ ሆነህ ወጥተህ አታውቅም።

ካባው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ልጆቹ በረኛችን ካባ ይልበስ ቢሉ፣ ሐያት የምትባለዋ የመርሳ ልጅ፣ ከክበቡ ልብስ ሰፊዎች አንዷ፣ ሰማያዊውን ባለ ብር ጥልፍ ሰፋችልህ። የልብስ ሰፊ ባል ሌላ ሴት ለክታው ይምጣ? ስጠይቅህ፣ የፋሲካ ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው አልክ። የፋሲካ ሥራ! ለሰው ሁሉ የደረስኩ ላንተ ልጠፋ ኖሯል?

ለቅሶህ ላይ የሆነውን አላየህምና ስማኝ። ባገራችን ደንብ የሟች ልብስ ተይዞ ይለቀስ የለ? ከግራና ከተማ የመጡት አክስትህ ክት ልብሱን አምጡ ብለው ራሳቸው ሣጥኑን ከፈቱት። ሙሉ ልብስህ እዚያው ተቀምጦ፣ ካባውን አነሡት። ሹመት ተሰጥቶህ የደበቅካቸው መሰላቸው። ከፍ አድርገው ይዘው፣

ካባውን አሰፍቶ ለማን ሊያሳይ ነበር፣
ሹመቱን ሳይነግረን ገባ ወይ መቃብር

ሲሉ ድንኳኑ በአንድ እግሩ ቆመ። የክበብህ ልጆች ካባውን ሲያዩ እሪ አሉ፤ ሐያት ከሁሉም ባሰች። እኔ የማየው እጅጌውን ነበር። ባሌ ሞቶ፣ በኔው ድንኳን፣ የሌላ ሰው ስፌት ተይዞ ይለቀሳል! እንባዬ እንኳ ደረቀብኝ። አክስትህንስ እንዴት አድርጌ ሹመት አይደለም ልበላቸው? እስከ ዛሬ ግራና ውስጥ ስምህ የሚነሣው እንደ ትልቅ ሹም ነው።

ከሰሞኑ ደግሞ ሐያት ሁለት ልጆች አስከትላ መጣች። የዘንድሮው ስብሰባ ስለደረሰ፣ ካባውን አንተ ትቆምበት የነበረው በር ላይ እንስቀለው ብለው ነው። አብሽሪ እያለች እጄን ያዘችኝ። አበላኋቸው፣ አጠጣኋቸው፣ ካባውን ግን ከሣጥኑ አላወጣሁላቸውም። እየበሉ ስላንተ አወሩ። የነሱ ይመር ቀልደኛ ነው፣ ይዘፍናል፣ እስክስታ ይወርዳል። የኔው ይመር እራቱን በልቶ ዝም የሚል ነበር። ያንን ሰውዬ የት ነበር የምትደብቀው? ለነሱ ሰጥተህ የተረፈውን ነበር እንዴ ይዘህልኝ የምትገባው? የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው እንጂ፣ ሐያትስ ልጅ ናት፣ ምን አደረገች።

እነሱ ሲሄዱ ካባውን አውጥቼ መቀስ ያዝኩ። ልቦጫጭቀው ነበር። ስፌቷን አየሁት፤ ክፉ አይደለም፣ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ። ትከሻውን ስዘረጋው ግን ግራና ቀኙን እኩል አድርጋዋለች። ብቻዬን ሳቅኩ። ያንተ ትከሻ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? የመፍቻ ሣጥንህ ሲጎትተው ኖሮ ቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ሸሚዝህን ሁሉ በዚያ በኩል ቀንሼ የምሰፋልህ ለዚህ ነበር። እሰይ! ሐያት ልክህን አታውቀውም።

ገበሩን ስፈታ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? መርፌ ቁልፎቼን! ስንት ዓመት ከሱቄ እየጠፉ ሠራተኛዬን ያስጠረጠሩኝ፣ ደረትህ ላይ በውስጥ በኩል ተርታ ተሰክተዋል። ስፌቱ የተፈታበትን ልጅ በር ላይ እያስቆምክ በኔ መርፌ ቁልፍ ስታያይዝ ከርመሃላ! ሌባ! መርፌ ቁልፌን ይዘህ ስትሄድ እኔን ነይ ብትለኝ ምን ነበረበት? አኩርፌም ቢሆን እመጣልህ ነበር።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ፤ ካባውን አልሰጣቸውም። ስፌቱን ሁሉ ፈትቼ በራሴ ክር እንደገና ሰፍቼዋለሁ፣ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጌ። ምስማር ላይ እንዲሰቀል አይደለም የለፋሁት። እኔው ለብሼው መርሳ እወርዳለሁ፣ በርህ ላይም እቆማለሁ። ልብሱ የሚፈታበት ልጅ መቼም አይጠፋም፤ መርፌ ቁልፉም የኔ ነው። ሐያት ከፈለገች ከጎኔ ትቁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? አልለቅህም።

ስለካው መሬት ይጠርጋል፤ አንተ ረጅም፣ እኔ አጭር። ጫፉን ግን አልቆረጥኩትም። ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የሰፋሁት፤ ልክህ እንዳለ ነው።

ያንተው እናኑ፣ ከወልድያ