መጀመሪያ ቦዩ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «መጀመሪያ ቦዩ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ታላቅ ወንድማችን በ1947 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ አሁን አስከሬናቸው በሚሸኝበት በዚሁ ቤት ተወለዱ።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. በከተማው መንገድ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ በኋላም ኃላፊ ሆኑ። ሥራቸው፣ ያረጀ መንገድ አዲስ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የትኛው ስንጥቅ በሬንጅ እንደሚደፈን፣ የትኛው የላላ መሬት ተቆፍሮ እንደሚሞላ፣ የትኛው ደግሞ ባለበት ቢቆይ እንደሚሻል መምረጥ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። አለቆች የሚያብለጨልጭ መንገድ ለማስመረቅ ሲጣደፉ፣ እርሳቸው ጎንበስ ብለው የውሃ መውረጃውን ያያሉ። ግትር ነበሩ። ሞቱ ብዬ ግትርነታቸውን ጽናት አልለውም።

በ1975 ዓ.ም. መምህርት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

የዚህ ቤት ደጅ ግን እስከ መጨረሻው ተራ አልደረሰውም። እናታችን እዚሁ ደጅ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር እንኳ ወንድማችን ጉድጓዱን ደፈኑ እንጂ አስፋልት አላለበሱም። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው በዚህ ምክንያት ለዓመታት አኩርፌያቸዋለሁ። «ከሥሩ ውሃ አለ እታለም፤ ቦዩ ሳይከፈት ባለብሰው ለአንድ ክረምት ነው» ይሉኝ ነበር። ቦዩ የተዘጋው የሥራ ምክትላቸው በላዩ ጋራዥ ስለሠሩበት ነው። ወንድማችን ጋራዡ እንዲፈርስ ደጋግመው ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም። ምክትላቸው አሁን ኃላፊ ሆነዋል፤ እዚህ ሽኝት ላይም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

ወንድማችን ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ እኚሁ ሰው «ለክብራቸው» ብለው ደጃችንን አስፋልት አለበሱት። ቦዩ አልተከፈተም፤ የላላው መሬትም አልተቆፈረም። ላዩን ሲያዩት መስታወት፣ ውስጡን ለቄስ። ታማሚው የአስፋልት መዳመጫውን ማሽን ድምፅ ከአልጋቸው ሰምተው «ቦዩስ?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ» አሉ ምክትላቸው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው።

ወንድማችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ መንገድ አልተናገሩም። የዘንድሮው ዝናብ ገባ፤ እርሳቸውም ትናንት ሐምሌ 9 ቀን ማለዳ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ ታናሽ እህታቸው በሕይወት አለን። ጋራዡም አለ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በሕይወት ያጡትን ሰሚ በዚያ ይስጣቸው።

አስከሬኑን የምትሸከሙ ልጆች፣ በአዲሱ አስፋልት አትሂዱ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ሰምጧል። እርሳቸው በጠገኑት በታችኛው መንገድ ዙሩ፤ ይርቃል እንጂ አይጥልም። ምክትላቸው በአዲሱ ይምጡ።